ሆቴል ፔንሲልቬኒያ ለምን ፈረሰ? የአንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኢንጂነር፣ ጤና ይስጥልኝ። በ2009 አሜሪካ ስገባ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርኩት ኒውዮርክ ውስጥ ሆቴል ፔንሲልቬኒያ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ምንጣፉም ያለቀ ነበር። ግድግዳው ግን እንደ ምሽግ ነው። አሁን ከኒው ጀርሲ በባቡር እየተመላለስኩ ስሠራ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ሆቴሉ የለም። ሰማይ ጠቀስ ይሠራበታል ተባለ፤ እሱም የለም። ያን የመሰለ ጠንካራ ሕንፃ ማደስ አይቻልም ነበር ወይ? ሕንፃ ስላረጀ የግድ መፍረስ አለበት? አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቼም አሮጌ ሆቴል አፍርሶ ፎቅ መሥራት ያዋጣል፣ አያዋጣም እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ሥራዬን ትቼ ወዲያው ልመልስልሽ አሰኘኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት አሮጌ ሕንፃዎችን በመመርመር ነው። ይቁም ወይስ ይፍረስ ሲባል፣ ግድግዳ ከፍቶ ብረቱን የሚያየው የእኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ልቤ ውስጥ ያለ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሕንፃውን ማደስ ይቻል ነበር። ሊወድቅ ስለደረሰ አይደለም የፈረሰው። ከሥሩ ያለው መሬት፣ ላዩ ላይ ከቆመው ሆቴል የበለጠ ዋጋ ስላወጣ ነው። ረጅሙ መልስ ደግሞ የሚጀምረው ከሌላ ሆቴል ነው።

በጥር 1919 ኒውዮርክ ውስጥ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁለት ግዙፍ ሆቴሎች ተከፈቱ። አንዱ ያንቺው ነው፤ ሰባተኛ ጎዳና ላይ፣ ፔን ስቴሽን ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። 22 ፎቅ፣ 2,200 ክፍሎች ነበሩት። በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ ሆቴል ይባል ነበር። ያሠራው የፔንሲልቬኒያ የባቡር ኩባንያ ነው። የነደፉት ደግሞ የባቡር ጣቢያውን የነደፉት ማኪም፣ ሚድ ኤንድ ዋይት ናቸው። ፊቱን ሆን ብለው ከጣቢያው ጋር አስማሙት። ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ መንገድ ተሻግሮ ይተኛ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሆቴል ኮሞዶር ይባላል። 42ኛ ጎዳና ላይ፣ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ጎን ነው። እሱም ወደ 2,000 የሚጠጉ ክፍሎች ነበሩት፤ እሱም የተሠራው ባቡር ለሚያመጣው እንግዳ ነበር። ሁለቱ በዕድሜ መንትያ ናቸው። አጽማቸው በሪቬት የተያያዘ ብረት፣ ልብሳቸው ጡብና ድንጋይ ነው። እንግዲህ መንትዮቹን እያነጻጸርሽ ተከተይኝ፤ ጥያቄሽን የሚመልሱልሽ እነሱ ናቸው።

በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ልትከስር ደረሰች። ኮሞዶር በ1976 ተዘጋ። አካባቢው ተጎሳቁሎ ነበር፤ በዚያ ቦታ አዲስ ሰማይ ጠቀስ እሠራለሁ የሚል ሰው አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? ዶናልድ ትራምፕ ሃያት ከሚባለው የሆቴል ኩባንያ ጋር ሆኖ ሕንፃውን ያዘው። ከተማው ለ40 ዓመት የግብር ቅናሽ ሰጠው። ውስጡን አውጥተው፣ የብረት አጽሙን አስቀሩት። በላዩ ላይ መስታወት አለበሱት። በ1980 ግራንድ ሃያት ተብሎ ተከፈተ። ዛሬ አልፈሽ ብታዪው የ1980ዎቹ የመስታወት ሕንፃ ይመስልሻል። ውስጡ ያለው ግን የ1919 ብረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢልኝ። ያ ብረት በ1980 «ደህና ነው፣ ይሸከማል» ተብሎ ነበር። በታኅሣሥ 2021 የከተማው ምክር ቤት ይኸው ሕንፃ ፈርሶ 480 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማማ እንዲሠራበት አጸደቀ። በመካከሉ ብረቱ ምን ሆነ? ምንም። የተለወጠው ሕጉ ነው። በ2017 ከተማው የምሥራቅ ሚድታውንን፣ ማለትም ግራንድ ሴንትራል ያለበትን ሰፈር፣ የግንባታ ደንብ ቀየረ። በዚያው መሬት ላይ ከዚህ በፊት ከሚፈቀደው እጅግ የበለጠ ወለል መሥራት ተቻለ። ሕንፃው «ያረጀው» በዚያን ጊዜ ነው።

ይኼ «የተፈቀደ ወለል» የሚባለው ነገር የጉዳዩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል የሚወሰነው በፎቅ ቁጥር አይደለም። የወለሎቹ ስፋት ተደምሮ ከመሬቱ ስፋት ጋር ባለው ንጽጽር ነው። ለምሳሌ 1,000 ካሬ ሜትር መሬት አለሽ እንበል። ደንቡ 18 እጥፍ ከፈቀደልሽ 18,000 ካሬ ሜትር ወለል ትሠሪያለሽ። አጭርና ወፍራም ወይም ረጅምና ቀጭን ማድረግ ያንቺ ፋንታ ነው። በዚህ ላይ ጭማሪ የምታገኚባቸው መንገዶች አሉ። የምድር ባቡር ጣቢያ ብታሻሽዪ፣ ደረጃና ሊፍት ብትሠሪ ይጨመርልሻል። ከጎረቤትም መግዛት ይቻላል። ግራንድ ሴንትራል ቅርስ ስለሆነ በላዩ ላይ ማማ መሥራት አይቻልም። ባለቤቶቹ ይህን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው በ1978 ተረቱ። ግን ያልተጠቀሙበትን የወለል መብት ለአካባቢው መሬት መሸጥ ይችላሉ። ይህ የአየር መብት ይባላል። ገዢው ከሌላው ጣሪያ በላይ ያለውን ባዶ ሰማይ ገዝቶ የራሱ መሬት ላይ ይቆልለዋል።

አሁን ራስሽን በባለ መሬቱ ቦታ አድርጊ። መሬትሽ ላይ አሮጌ ሆቴል አለ። ክፍሎቹ ርካሽ ናቸው። የሚፈቀድልሽ ግን ቆሞ ካለው ሕንፃ በብዙ የሚበልጥ ወለል ነው። በየዓመቱ ያልተሠራው ወለል ኪራይ እንደቀረብሽ ይሰማሻል። ከዚያ በኋላ ለሆቴሉ ምንጣፍ ትቀይሪያለሽ? አትቀይሪም። ያየሽው ያለቀ ምንጣፍ የሕንፃው ዕድሜ ምልክት አይደለም። ባለቤቱ ልቡ ሌላ ቦታ እንደሄደ የሚያሳይ ነው። ይህን ብዙ ሆቴሎች ላይ አይቻለሁ። ማፍረስ የሚጀምረው ኤክስካቫተር ሲገባ አይደለም፤ የጥገና በጀት ሲቆረጥ ነው።

በሆቴል ፔንሲልቬኒያ የሆነው ይህ ነው። ቮርናዶ የሚባለው የሪል እስቴት ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያዘው። በ2007 አፍርሶ የቢሮ ማማ የመሥራት ዕቅዱ ይፋ ወጣ። የአካባቢ ነዋሪዎችና የቅርስ ወዳጆች ተቃወሙ። የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ግን ሆቴሉን በቅርስነት አልመዘገበውም። ነሐሴ 2010 ምክር ቤቱ 370 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ማማ 47 ለ 1 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። በጣም የተሟገቱት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ባለቤቶች ናቸው። ማማው ሁለት ጎዳና ብቻ ርቆ ስለሚቆም ሕንፃችንን ከከተማው ገጽታ ይጋርድብናል አሉ።

ኤምፓየር ስቴት ራሱ ሆቴል ፈርሶ የተሠራ ነው። ቦታው ላይ የመጀመሪያው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ነበረ። ግማሹ በ1893፣ ግማሹ በ1897 ተከፍቶ፣ የኒውዮርክ ሀብታሞች ሠርግና ግብዣ የሚደግሱበት ቤት ነበር። ከ1920 ጀምሮ መጠጥ በሕግ ሲከለከል የሆቴሉ ገቢ ተመታ። ባለጸጎቹም መኖሪያቸውን ወደ ላይኛው የከተማው ክፍል አዛወሩ። ግንቦት 1929 ሆቴሉ ተዘጋ። ጥቅምት ላይ ማፍረስ ተጀመረ። ከፍርስራሹ ብዙው በጀልባ ተጭኖ ከኒው ጀርሲው ሳንዲ ሁክ ወዲያ አትላንቲክ ውስጥ ተጣለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ እንጨት ባሕር ውስጥ ነው።

ግን ደግሞ ልብ በይ። በመጋቢት 1930 የአዲሱ ሕንፃ ብረት መቆም ጀመረ። ግንቦት 1 ቀን 1931 ባለ 102 ፎቁ ሕንፃ ተመረቀ። 381 ሜትር ቁመት፣ 57,000 ቶን ብረት። አሮጌው ሆቴል ከተዘጋ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ይህ የተቻለው በፍጥነት ብቻ አይደለም። ከሜትሮፖሊታን ላይፍ ኢንሹራንስ 27.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኝቷል። የአክሲዮን ገበያው በዚያው ጥቅምት ቢወድቅም ሥራው አልቆመም።

ተከራይ ግን አልመጣም። ሕንፃው ሲከፈት የተከራየው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ሰዎች «ባዶው ሕንፃ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከቢሮ ኪራይ ያገኘው ገንዘብ፣ ላይ ወጥተው ከተማውን ለማየት ሰዎች ከከፈሉት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ትርፍ ለማየት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀበት። ይህን የምነግርሽ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ሰማይ ጠቀስ እንኳ የተሳሳተ ጊዜ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንድታዪ ነው። ያም ሆኖ ሕንፃው ቆሞ ጠበቀ። የኢኮኖሚው ቀን ሲወጣለት ሞላ።

ወደ አንቺ ሆቴል ስንመለስ፣ ከ2010 በኋላ ፈቃድ ተይዞ ዓመታት አለፉ። ኮቪድ ሲመጣ ሚያዝያ 2020 ሆቴሉ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት አይከፈትም ተባለ። በ2022 ማፍረስ ተጀምሮ በ2023 አለቀ። አዲሱ ማማ የቢሮ ነው። በዚያው ጊዜ ደግሞ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መሥራት ለምዷል፤ የብድር ወለድ ሰማይ ወጥቷል። ዋና ተከራይ ሳይፈርም ባንክ ለእንዲህ ዓይነት ማማ አያበድርም። ስለዚህ ሆቴሉ ሄደ፣ ማማው አልመጣም። ያየሽው ባዶ ቦታ ይኼ ነው።

የእኔ ቅሬታ ያለው እዚህ ጋ ነው። በጭፍን አትፍረስ የምል ሰው አይደለሁም። በሙያዬ «ይህ ይፍረስ» ብዬ የፈረምኩባቸው ሕንፃዎች አሉ። ግን የማፍረስ ፈቃድ ከግንባታው ገንዘብ ጋር መታሰር አለበት ብዬ አምናለሁ። ብድሩ ተፈርሟል? ዋና ተከራይ አለ? ካለ አፍርስ። ከሌለ ሆቴሉ ይሥራ። ሲዘጋ እንኳ 1,700 ገደማ ክፍሎች ያሉት ሆቴል ነበር። ከአንቺ ጀምሮ ገና ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው የሚችለው ዋጋ ነበረው። በየዓመቱ ለዌስትሚንስተር የውሻ ውድድር የሚመጡ ሰዎች ከነውሾቻቸው የሚያርፉት እዚያ ነበር። አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩት። በዚህ ላይ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ በኒውዮርክ አዲስ ሆቴል ለመሥራት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጠፋ አልጋ በቀላሉ አይተካም።

«ማደስ አይቻልም ነበር ወይ» ላልሽው አሁን እንደ መሐንዲስ ልመልስ። እዚህ ላይ ለባለቤቶቹም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። የመቶ ዓመት ሆቴል ማደስ ቀለም መቀባት አይደለም።

ብረቱን አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ዘመን የተሠራ የብረት አጽም፣ ደረቅ ሆኖ ከኖረ ዛሬም ይሸከማል። ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ ከውጭ በጡቡ ስንጥቅ ይገባና ከጡቡ ጀርባ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ዝገት ያብጣል። ሲያብጥ ጡቡን ይገፋል፤ ጡቡ ይለቅና መንገድ ላይ ይወድቃል። በ1979 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ተማሪ በዚህ መንገድ ሕይወቷ አልፏል። ከዚያ በኋላ ነው ከስድስት ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ሁሉ ፊቱ በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመር ሕግ የወጣው። በእግረኛ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የምታዪው አረንጓዴ የእንጨት ጥላ በአብዛኛው የዚያ ሕግ ውጤት ነው።

ወለሉ ሌላ ጣጣ አለው። የ1920ዎቹ የኒውዮርክ ሶሌታ በብዛት ከድንጋይ ከሰል አመድ ጋር የተቀላቀለ ኮንክሪት ነው። ቀላል ነው፣ እሳት ይከላከላል። ግን አመዱ ውስጥ ድኝ አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ ውስጡ ያለውን ሽቦ ይበላዋል። አንድ ጊዜ በስም የማልጠራው ከተማ ውስጥ የዚያ ዘመን ሆቴል ስመረምር፣ የባለቤቱ ፕላን ሁሉም ወለል ጤነኛ ነው ይላል። መታጠቢያ ቤት ሥር ያለውን ኮርኒስ ስናነሳ ሽቦው ጠፍቶ ዱካው ብቻ ቀርቷል። ለአሥርት ዓመታት ሰው ገላውን ሲታጠብ የኖረው በሽቦ ባልተያዘ ኮንክሪት ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላን አላምንም። ከፍቼ ካላየሁ አልፈርምም።

ሦስተኛው ሳኒተሪው ነው። ሆቴል ፔንሲልቬኒያን ያስተዳድር የነበረው ኤልስዎርዝ ስታትለር፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ቤት በመስጠት የታወቀ ሰው ነው። ዘዴው ብልህ ነበር። ሁለት መታጠቢያ ቤቶችን ጀርባ ለጀርባ ያደርግና መካከላቸው አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይተዋል። የሁለቱም ቧንቧ በዚያ ይወርዳል። በጊዜው ወጪ ቀነሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ቧንቧውን ለመቀየር ከላይ እስከ ታች ያሉትን መታጠቢያ ቤቶች በሙሉ መክፈት ያስፈልጋል። በመካከሉ አስቤስቶስ አለ። የእርሳስ ቀለም አለ። ሥራው እንደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እንግዳ እያስተናገድሽ አይሠራም።

አራተኛው የወለል ቁመት ነው፤ ለቢሮ መቀየርን የሚገድለውም ይኼ ነው። የእንግዳ ክፍል ከወለል ወለል ሦስት ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ዘመናዊ ቢሮ ከአራት ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ከኮርኒሱ በላይ የአየር ማመላለሻ፣ ገመድ፣ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ አለ። ኮለኖቹም ተቀራርበዋል። ተከራዩ ደግሞ ባዶ ሜዳ የመሰለ ወለል ነው የሚጠይቀው። አሮጌ ሆቴልን ወደ ቢሮ መቀየር ጠባብ ጫማ ውስጥ እግር እንደ መክተት ነው።

ወደ መኖሪያ ቤት መቀየር ግን የተለየ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮት አለው፣ መታጠቢያ ቤት አለው። አፓርታማ የሚፈልገው እሱን ነው። ፔንሲልቬኒያ ላይ ያልተሞከረው ይህ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ደግሞ የምመክረው እሱን ነበር። ባለቤቱ የወለል መብቱን ትቶ እንዲያ የሚያደርግበት ምክንያት ከተማው ሊሰጠው ይገባ ነበር። ለኮሞዶር በ1970ዎቹ የ40 ዓመት ቅናሽ የሰጠ ከተማ፣ ለዚህም መላ አያጣም ነበር።

ማደስ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ሁለተኛው ዋልዶርፍ አስቶሪያ አለልሽ። የመጀመሪያው ሲፈርስ በ1931 ፓርክ ጎዳና ላይ የተሠራው ነው። 47 ፎቅ ነው። የቻይናው አንባንግ ኩባንያ በ1.95 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በመጋቢት 2017 ለእድሳት ተዘጋ። ፊቱም፣ የውስጥ አዳራሾቹም በቅርስነት ስለተመዘገቡ ማፍረስ አይታሰብም። ከ1,400 በላይ የነበሩት የእንግዳ ክፍሎች ወደ 375 ሰፋፊ ክፍሎች ወረዱ። የቀረው ወደ መኖሪያ አፓርታማ ተለወጠ። በ2025 ተከፈተ። ስምንት ዓመት! ማደስ ከማፍረስ ይቀላል የሚለው ሰው ይህን ይቁጠር። ግን አዳራሹ አለ፣ የሎቢው አሮጌ ሰዓት አለ፣ ሕንፃው አለ።

ማፍረሱ እንዴት እንደሚካሄድ አልጠየቅሽም፤ ግን በየቀኑ በዚያ ያለፍሽ ስለሆነ ልንገርሽ። ማንሃታን ውስጥ ፈንጂ አይታሰብም። ፔንሲልቬኒያን ብታዪው፣ የፔን ስቴሽን የባቡር ዋሻዎች በ32ኛና በ33ኛ ጎዳና ሥር ያልፋሉ። የሰባተኛ ጎዳና የምድር ባቡር ፊቱ ሥር ነው። በሦስት አቅጣጫ ሰው የጫነ ባቡር ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አስቤስቶሱ በታሸገ ክፍል ውስጥ ይወጣል። ውሃ፣ ጋዝ፣ መብራት ይቆረጣል። ሕንፃው በስካፎልዲንግና በመረብ ይታሰራል። ከዚያ ትንንሽ ኤክስካቫተሮች በክሬን ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። የቆሙበትን ፎቅ እየበሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ፍርስራሹ በአሮጌው የሊፍት ጉድጓድ ይጣላል። ከተሠራበት ቅደም ተከተል በግልባጩ ነው። ጎረቤት ግድግዳ ላይ የንቅናቄ መለኪያ ይለጠፋል፤ መሐንዲሱ ሌሊት በስልኩ ቁጥሩን እያየ ነው የሚያድረው።

ጃፓኖች ይህን የበለጠ አሳምረውታል። ቶኪዮ ውስጥ አካሳካ ፕሪንስ የሚባል 40 ፎቅ ገደማ ያለው ሆቴል ነበር፤ ኬንዞ ታንጌ የነደፈው። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በመጋቢት 2011 ተዘጋ። በዚያው ወር ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነና፣ ከፉኩሺማ የተፈናቀሉ ሰዎች ለጥቂት ወራት ተጠለሉበት። ከዚያ ታይሴይ የሚባለው ተቋራጭ ጣሪያውን እንደ ባርኔጣ አስቀርቶ፣ በጃክ ደግፎ፣ ከሥሩ ያለውን ፎቅ እያፈረሰ ባርኔጣውን ዝቅ ዝቅ አደረገው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሕንፃው ቀስ በቀስ መሬት የሚገባ ነው የሚመስለው። አቧራ የለም፣ ድምፅ ጥቂት ነው። ክሬኑ ፍርስራሽ ሲያወርድ በክብደቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በ2016 በቦታው 180 ሜትር የሚሆን አዲስ ማማ ቆመ። ያ ሆቴል አሮጌ ነበር? አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ለኮንክሪትና ለብረት ጉርምስና ነው።

የወንድሞችሽን ክርክር በተመለከተ በጥቂቱ። የኒውዮርክን ሒሳብ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ አይገልብጡት። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለ ሆቴሉ የያዘው የይዞታ ወይም የሊዝ መብት ነው። ከጎረቤት የአየር መብት መግዛት የሚባል ገበያ የለም። ምን ያህል ፎቅ እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ከከተማው ፕላን ይጠይቁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ሊፍቱ፣ የመስታወት ፊቱ፣ የአየር ማቀዝቀዣው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ጀምሮ መቆም ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልገኝም፤ ፌሮው ሰማይ ጠቅሶ ዝጎ የቆመ ሕንፃ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚያ ያሉ የድሮ ሆቴሎች ደግሞ በአብዛኛው የብረት አጽም ሳይሆን የኮንክሪት ናቸው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የግንባታ ኮድ በ2015 የወጣው ነው፤ ከሱ በፊት የ1995ቱ ነበር። ከሁለቱም በፊት የተሠራ ሆቴል ዛሬ በሚጠበቅበት መንገድ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተሰልቷል ብሎ መገመት አይቻልም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ ወንድሞችሽ ከመከራከራቸው በፊት አንድ መሐንዲስ ይቅጠሩ። ከኮለኑና ከሶሌታው ናሙና ይውሰድ። ፌሮው የት እንዳለ በመሣሪያ ያንብብ። መሠረቱን አንድ ሁለት ቦታ ቆፍሮ ይይ። ይህ ምርመራ ከአጠቃላዩ ወጪ አንጻር ጥቂት ነው። ኮንክሪቱ ደካማ ከሆነ ኮለኑን በተጨማሪ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ፣ ጥቂት የኮንክሪት ግድግዳ መጨመር ይቻላል፤ በየአገሩ የሚሠራ ነገር ነው። ውጤቱ «አይድንም» ካለ ያፍርሱ፤ ያኔም ገንዘቡን በእጃቸው ይዘው።

አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ሥራ ሲቀልሽ ወደ 42ኛ ጎዳና ሂጂ። ግራንድ ሴንትራል ጎን ያለውን የመስታወት ሆቴል እዪ። መስታወቱ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ይታያሉ፤ የክራይስለር ሕንፃም አጠገቡ ነው። ከዚያ መስታወት ጀርባ ያለው ብረት፣ አንቺ የመጀመሪያዋን ሌሊት ካደርሽበት ሆቴል ብረት ጋር እኩያ ነው። የአንደኛው ቀን አልፏል። የዚህኛውም ፈቃድ ወጥቷል። ገና ቆሞ ካገኘሽው ፎቶ አንሺው።